የናራን ፌርማታዎች

ሦስተኛውም ቁራጭ ምላጩ ሲነካው ተፈረካከሰ። ኬሳሪ ስብርባሪውን በቀጭን ብሩሽ ጠረገች።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ክፍት ነው። ከላይኛው ፎቅ፣ ከቀዶ ጥገናው ክፍል፣ የአንድ ሰው ጥሪ ይመጣል። «ራትናፓርክ፣ ማይቲጋር፣ ባኔሽዎር። ግቡ ግቡ፣ ባዶ ነው።»

ናራን ይባላል። ከካትማንዱ መሃል ተነስቶ ሱርያቢናያክ በሚደርስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነው። አሁን የራስ ቅሉ ተከፍቶ፣ ዐይኑን ገልጦ ተጋድሟል። ሐኪሞቹ በማደንዘዣ ያላስተኙት ሆን ብለው ነው፤ አንጎሉ ውስጥ የበቀለው እብጠት ንግግር ከሚመነጭበት ቦታ ጋር ተጣብቋል። እናም ፌርማታዎቹን ይጥራ ተባለ። አንዱን ከዘለለ ወይም ምላሱ ከተሳሰረ፣ የሐኪሙ እጅ ከልኩ አልፏል ማለት ነው።

ከዚያ እብጠት የተወሰደችው ሽምብራ የምታክል ሥጋ በረዶ ሆና ኬሳሪ ፊት፣ ቀዝቃዛው ማሽን ውስጥ ተቀምጣለች። ካንሰር ከሆነ ሐኪሙ የቻለውን ያህል ጠርጎ ያወጣዋል፣ ናራን ንግግሩን ቢያጣም። ሌላ ነገር ከሆነ ቢላውን ያስቀምጣል። ይህን የሚለየው ከፀጉር የሚቀጥን አንድ ሙሉ ቁራጭ ነው።

«እናንተ ታች ያላችሁት፣ እየጠበቅን ነው» አለ ሐኪሙ በስልኩ።

«ዲዲ፣ ምላጩን ልቀይረው?» አለች ኬሳሪ። ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የምታነበውን ዶክተር ፑርኒማን፣ ታላቋ ስለሆነች፣ ዲዲ ነው የምትላት።

«ሁለቴ ቀየርሽው እኮ። ምላጩ ምን አደረገሽ?» ፑርኒማ ጎንበስ ብላ የማሽኑን ቁጥር አየች። «ጠዋት የጡት ናሙና ነበር የቆረጥሽው?»

«አዎ።»

«ለጡቱ ስብ ብለሽ የጨመርሽውን ቅዝቃዜ አልቀነስሽውም። አንጎል እንዲህ ሲበርደው ብርጭቆ ነው የሚሆነው።»

የኬሳሪ ፊት ጋለ። ቁጥሩን መለሰችው፤ ማሽኑ ግን ቶሎ አይሞቅም።

«በአውራ ጣትሽ ነክተሽ አሙቂው» አለች ፑርኒማ። «ቀስ ብለሽ። እንዳይቀልጥብሽ፣ የቀረን እሱ ብቻ ነው።»

ኬሳሪ እጇን ወደ ብርዱ ሰደደችና ጣቷን አሳረፈችበት። ቅዝቃዜው ጓንቱን አልፎ አጥንቷ ደረሰ።

«ቲንኩኔ፣ ኮቴሽዎር። እህቴ፣ ልጁን እቀፊው፤ ይሄ ጩጬ ብቻውን ወንበር ይይዛል እንዴ?»

ላይ ያሉት ሳቁ። ኬሳሪ አልሳቀችም። ስንቱን አንጎል ቆርጣለች፤ ባለቤቱ ሲቀልድ እየሰማች ግን አንድም ቀን ቆርጣ አታውቅም። ሰውየው እዚያ ይጣራል፣ ከሚጣራበት ቦታ አጠገብ የነበረው ደግሞ እዚህ ጣቷ ሥር ነው። ትንሽ ሙቀት የሚያቀልጠው ነገር ያን ሁሉ መንገድ፣ ያን ሁሉ ተሳፋሪ እንዴት ተሸከመው? ሳታስበው ድምፅ እንዳታሰማ መጠንቀቅ ጀመረች።

«በቃ፣ አንሺ።»

መዘውሩን በዝግታ አዞረችው። ቁራጩ ሳይሰበር፣ እንደ ሐር ለስልሶ ከምላጩ ላይ ወረደ። ጫፉ ሊጠቀለል ሲል በብሩሽ ያዘችው። መስታወቱን ስታስጠጋለት ራሱ ዘሎ ተለጠፈ።

ቀለም ውስጥ ነክራ አቀበለቻት። ፑርኒማ ማይክሮስኮፑ ላይ አቀረቀረች። ቀና ሳትል «ማስክሽን አጥብቂ» አለች። ቀጥላ ወደ ስልኩ ዞረች። «ዶክተር፣ ቢላዎን ያስቀምጡ። ካንሰር አላየሁበትም። ቲቢ ነው የሚመስለው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የመጨረሻውን ውጤት በኋላ እሰጥዎታለሁ። አሁን ግን ከዚህ በላይ አይቁረጡ።»

በስልኩ ብረት ሳህን ላይ ሲቀመጥ ተሰማ።

«ምን አሉ?» አለ ናራን።

«በመድኃኒት ይድናል አሉ» አለችው አንዲት ነርስ።

«ታዲያ ጭንቅላቴን ለምን ከፈታችሁት?»

ፑርኒማ ከወንበሯ ተነሳች። «ነይ፣ አንቺ የቆረጥሽው ነው፤ እዪው።»

ኬሳሪ ዐይኗን አስጠጋች። በሐምራዊውና በሮዝማው ቀለም መሃል የሞተ፣ የደበዘዘ ቦታ አለ። ዙሪያውን ግን የናራን ሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ተሰልፈዋል፣ አንዱ ረድፍ ከሌላው ኋላ፤ አንዳንዶቹም ለብቻቸው አልበቃ ብሏቸው ተዋህደው ግዙፍ ሆነዋል። ማንም ሳያዛቸው፣ ባለቤታቸው ሳያውቅ፣ በሽታውን ከብበው ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆመዋል።