ያልበራው ክር

ጀርባዋ ውስጥ የበቀለው ዕጢ በቀዶ ሕክምና ከመውጣቱ በፊት ትርንጎ የህብለ ሰረሰሯን ምስል ቤቷ ወስዳ፣ እንደ ደንቡ ሰባት ቀን አብራው ኖረች። ምስሉ እንደ ፈትል አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ እጇን ስትታጠብ አንዱ የነርቭ ክር፣ ድመቷ እግሯ ላይ ስትታከክ ሌላው ይበራል።

በስምንተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ ዶክተር ሀያት ምስሉን አየችና፣ «ዕጢው የተጠመጠመበት ክር ሳምንቱን ሙሉ አልበራም። ከዕጢው ጋር እንቆርጠዋለን» አለች። ትርንጎ እሺ አለች።

ባሏ ደባልቄ ጥግ ይዞ ቆሟል። ከተኳረፉ፣ አልጋም ከለዩ ስድስት ወራቸው ነው። የሆስፒታሉ ጋውን ከኋላ ስለሚታሰር ግን ሳይናገር መጥቶ ያስርላት ጀመር። ጣቱ ጀርባዋን ነካ።

ያ ክር እንደ ንጋት ቀስ ብሎ በራ።

«ዶክተር፣ ያንን ክር ይተዉልኝ» አለች ትርንጎ።

«ከተውነው ዕጢው ሙሉ በሙሉ አይወጣም።»

ደባልቄ የጨረሰውን ቋጠሮ ፈታና እንደገና ማሰር ጀመረ።