ካውያ በላንጋኖ ዳር

ያፌት ላንጋኖ ዳር ሲደርስ ድንኳኑን ከመትከሉ በፊት የሶላር ፓኔሉን ለፀሐይ ዘረጋ። አዲሱ ባትሪ በአንድ እጅ የሚንጠለጠል ቢሆንም ስልክ ይሞላል፣ ማራገቢያ ያዞራል፣ ትንሿን ፍሪጅም ያቀዘቅዛል። እሱም ይህንኑ ላላፊ አግዳሚው ሲያስረዳ አረፈደ።

ቀትር ሲቃረብ ባለቤቱ ሰሎሜ ከሻንጣዋ ካውያ አወጣች።

«ድንኳን ውስጥ ለማደር ካውያ ይዘሽ መጣሽ?» አላት እየሳቀ። «ይሄ እኮ ባትሪውን ጥርግ አድርጎ ነው የሚበላው።»

«አምስት ደቂቃ ብቻ። ነጩን ሸሚዝህን ልተኩስልህ ነው።»

ለዓሣ ማጥመድ የተተኮሰ ሸሚዝ ምን እንደሚያደርግ ባይገባውም፣ የባትሪውን ጉልበት ለማየት ጓጉቶ ማራገቢያውን ነቀለና ካውያውን ሰካላት። የባትሪው ቁጥር ከሰማንያ በመቶ ወደ ስድሳ ሲያሽቆለቁል ቅር አለው። ሸሚዙን ግን ለበሰ።

ቁልፎቹን ቆልፎ ሳይጨርስ አንድ መኪና መጥቶ አጠገባቸው ቆመ። የሰሎሜ አባት አቶ ሞላልኝ ከዘራቸውን ተደግፈው ወረዱ። ልጃቸው ከያፌት ጋር ከኮበለለች ወዲህ ዓይኑን ማየት አልፈለጉም ነበር። እሱም ስማቸው በተነሳ ቁጥር ወሬ ይቀይር ነበር።

ያፌት ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል በክንዱ ይዘው ቀና አደረጉት። ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ሽማግሌ ይልካል ብዬ ስምንት ዓመት ጠበቅኩህ» አሉት። «ሲሰለቸኝ ራሴ መጣሁ።»