ታንከሩ ሲሞላ

ፈሪሀ የቆቦ ፀሐይ ባጋለው የውሃ ታንከር ላይ ተንበርክካ፣ በገመድ ያሰረችውን ስፒከር ወደ ባዶው ሆዱ አወረደች። ደብ ቴክኖ ለሚባለው፣ ማሚቶ ለሚበዛበት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃዋ ያዘጋጀችው ኮርድ፣ አብረው የሚሰሙ የተጣመሩ ኖታዎች፣ በተመታ ቁጥር ታንከሩ እያስተጋባ ይመልሰዋል፤ ስልኳም ይቀዳል። ድምፁ ግን አሁንም የታፈነ ነው። ልታጠራው ሳምንቱን ሙሉ ኮምፒውተሯ ላይ ብትታገልም ድምፁ አልከፈት ብሏታል።

"ልጄ፣ ውሃ መጣ!" አሉ አባቷ ከታች። ከአስር ቀን በኋላ የመጣ ውሃ ነው። "ቢስሚላህ" ብለው ወደ ታንከሩ የሚያስገባውን ቧንቧ ከፈቱት።

"ኧረ አባባ፣ አንዴ ልጨርስ!"

አባቷ ቀና ብለው ሲያይዋት አሳዘነቻቸው፤ መልሰው ሊዘጉት እጃቸውን ሰደዱ። ታንከሩ ውስጥ ግን ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር የታፈነው ኮርድ ቀስ በቀስ ይከፈት፣ ይጠራ ጀመር።

"አይዝጉት!" አለች፣ ስፒከሩን ውሃ እንዳይነካው ገመዱን ስንዝር በስንዝር እየሳበች።