የባልየው ደርሶ መልስ

የአየር መንገዱ ሠራተኛ ሁለቱን ፓስፖርቶች ገልጣ ባልየውን ቀና ብላ አየችው። «የእርስዎ ትኬት ደርሶ መልስ ነው፤ የባለቤትዎ ግን መሄጃ ብቻ። በጉብኝት ቪዛ መመለሻ ካልያዙ አያስገቧቸውም።»

ሚስትየው ሻንጣዋን ሚዛኑ ላይ እያወጣች ነበር፤ እጇ እጀታው ላይ ቀረ። «ሁለት ሳምንት ላዝናናት ነው» እያለ በየቤቱ ሲጎርር የከረመው ባሏ ጉሮሮውን ጠረገ። «እማዬ እኮ እዚያ እህቴ ጋ አልጋ ላይ ከዋለች ቆየች። እሷም ማስታመሙ ሰልችቷታል። ያንቺ እጅ ደግሞ ለበሽተኛ ጥሩ ነው... እስኪሻላት ብቻ።»

ሽቶ ከተርከፈከፈበት አንገቱ እስከ አዲሱ ጫማው ድረስ ገላመጠችው። ሻንጣዋን ከሚዛኑ አወረደች።

«እህቴ፣ የኔን መሄጃ ሰርዢልኝ» አለች ወደ ሠራተኛዋ ዞራ። «የሱን ደግሞ መመለሻውን። እናቱ የወለዱት እሱን ነው።»