ሦስት እልልታ

ወታደሩ ምሽጉ ውስጥ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ጓደኞቹ መሐል አስቀመጠው። አገር ቤት ሚስቱ አንጓች ምጥ ላይ ናት። ለወንድ ልጅ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ጊዜ እልል እንደሚባል ሁሉም ያውቃሉ። እሱም «ወታደር የሚወልደው ወታደር ነው!» እያለ ሲፎክር ነው የከረመው።

የሕፃን ለቅሶ ተሰማ፤ ወዲያው እልልታው ቀለጠ። ጓደኞቹ እየጮኹ አብረው ቆጠሩ። አንድ! ሁለት! ሦስት!

ጸጥ አለ።

«በል እንግዲህ፣ እንስራ ግዛላት!» አለ አንዱ። ምሽጉ በሳቅ ተናጋ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ዘጋው። መልሶ ሲጠራ ጭራሽ አጠፋው፤ ወር ሙሉም አልከፈተውም።

ፈቃድ አግኝቶ ቤቱ ሲደርስ፣ አማቱ ጥቁር ለብሰው፣ ሕፃን ታቅፈው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ወንድ ልጅህን እንካ» አሉት።

«ወንድ? ታዲያ እልልታው ለምን ሦስት ላይ ቆመ?»

«ደሙ አልቆም ሲላት ማን እልል ይበል፣ ልጄ?» አሉ ሕፃኑን እያቀበሉት። «እሷማ ስልኩን አምጡልኝ አለች፣ ድምፅህን ልትሰማ። እስክታሸልብ ድረስ አንተ ጋ ስትደውል ነበር።»