የዶክተር ሳህሉ ቅዳሜና እሁድ

ጠበቃ ዋለልኝ ያን ሰሞን ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ በነዳ ቁጥር መሪውን ጨብጦ ብቻውን ይሳደብ ነበር። ያናደደው የቤልትዌይ ቀለበት መንገድ ትራፊክ አልነበረም። የምስራች የተባለች ሴት ነበረች።

እንደ ፈረንጆቹ 2013 ነው። አሌክሳንድሪያ አጠገብ ያለች አንዲት አነስተኛ የትምህርት ዲስትሪክት ሱፐርኢንተንደንት፣ ማለትም የትምህርት ቤቶቿ ሁሉ የበላይ ኃላፊ ትፈልግ ነበር። የተመረጠው ሚኒሶታ የሚኖር ሐበሻ ነው፤ ዶክተር ሳህሉ። እሱም የሥራ ውሉን እንዲደራደርለት ዋለልኝን ያዘ። የዲስትሪክቷን የትምህርት ቦርድ ወክላ ለድርድር የተቀመጠችውም ሐበሻ ሆና ተገኘች። የምስራች ትባላለች፤ በሰፈሩ ሕዝብ ድምፅ ቦርድ የገባች፣ አንድ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ፣ ቀልድ የማታውቅ ሴት።

ዋለልኝ ስሟን ሲሰማ ደስ ብሎት ለሳህሉ ደወለ።

"የአገር ልጅ ናት፤ በአንድ ቀን እንጨርሳለን።"

ሳህሉ ስሟን ጠይቆ ሰማ። "ድርድሩ ላይ እኔ ባልገኝ ይሻላል" አለው በመጨረሻ። ዋለልኝ ትሕትና መሰለው።

በአንድ ቀን አልጨረሱም። ደመወዙን እሺ አለች። መኪናውንም፣ ኢንሹራንሱንም ሳትከራከር አሳለፈች። ሁለት ነገር ላይ ግን ግግም አለች፦ ሳህሉ የሚኒሶታ ቤቱን ለቆ እዚሁ ዲስትሪክቱ ውስጥ ይኖራል፤ ቅዳሜና እሁድ በየስቴቱ እየበረረ የሚሠራውን የማማከር ሥራም ያቆማል።

"ከሰኞ እስከ ሐሙስ እዚህ ይሆናል" አለ ዋለልኝ። "የቀረውን በስካይፕ ይከታተላል።"

"ልጆች በስካይፕ አያድጉም፣ አቶ ዋለልኝ!"

አጠገቧ የተቀመጠው ፈረንጅ፣ የቦርዱ ሊቀመንበር፣ እንዲህ ለተማሪ የሚቆረቆር ሰው አይቶ እንደማያውቅ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ።

ኮሪደር ላይ ዋለልኝ ተከትሏት ወጣ። እዚያ ጨዋነቱ አለቀ።

"ምን አድርጎሻል ይሄ ሰውዬ? ስንቱ ዲግሪውን ይዞ ፓርኪንግ ሲጠብቅ በኖረበት አገር አንድ ሰው ከመሀላችን ቢወጣ፣ አንቺ እግሩን ትጎትቺያለሽ?"

"እግሩን ማን ጎተተው? እዚህ ይቀመጥ ነው ያልኩት።"

"ይቀመጣል! ቃሉን ይሰጥሻል፣ በቃ!"

"የእሱን ቃል አልፈልግም" አለች፤ ዓይኗ ቀላ። "ይፈርም። እስከ ዓርብ ካልፈረመ ሥራው ለሁለተኛው ተወዳዳሪ ይሰጣል።"

ዋለልኝ ደሙ ፈላ። ያን ቀን ማታ ዩ ስትሪት ሐበሻ ምግብ ቤት ለተሰበሰቡት ጓደኞቹ ሁሉ ስሟን እየጠራ አወራ። ምቀኝነት ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል? ወይ የራሷን ሰው ልታስገባ ፈልጋለች፣ ወይ ወገኗ ከእሷ በላይ ሲቀመጥ ዓይኗ አላይ ብሏል። ጓደኞቹም ተስማሙ፤ አንዱ እንደ እሷ ያለችውን ስንት እንዳየ ሊያወራ ጀመረ።

የሚያበሳጨው ደግሞ ሳህሉ መሄጃ የሌለው መሆኑ ነበር። የሚኒሶታው ሥራው በሰኔ ያበቃል፤ አላደሱለትም። ይሄ ካመለጠው ሱፐርኢንተንደንትነቱ ቀረ ማለት ነው። ዋለልኝ ሐሙስ ደወለለት።

"ዶክተር፣ ሴትዮዋ ለይቶላታል። ለቦርዱ ሙሉ አቤቱታ እናስገባና ከድርድሩ ትውጣ። እኔ አልለቃትም!"

"ሁለቱን አንቀጾች አንብብልኝ።"

አነበበለት።

"ቅዳሜንም እሁድንም ነው ያለችው?"

"ሁለቱንም! ጌታህ ነኝ እኮ ነው የምትልህ!"



"እፈርማለሁ" አለ ሳህሉ። "ተወው ዋለልኝ። አታሸንፋትም።"

ዓርብ ዕለት በአውሮፕላን መጣ። ዋለልኝ እንዲህ ያለ ፊርማ አይቶ አያውቅም። የምስራች የእግዜር ሰላምታ እንኳ ነፈገችው። ሳህሉም ቀና ብሎ አላያትም። ወረቀቱን ገፋችለት፤ ሁለቱ አንቀጾች ጎን ለየብቻ እንዲፈርም በጣቷ አሳየችው፤ ፈረመ። ዋለልኝ ይሄን የመሰለ የተማረ ሰው እንደ ሌባ አንገቱን ሲደፋ ማየት አቃተውና፣ ቦርሳውን አንስቶ በሩን ደርግሞ ወጣ።

ኮሪደሩ ላይ አንዲት ልጅ ቦርሳዋን ታቅፋ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የበሩ ድምፅ አስደንግጧታል። ዋለልኝ አፈረና ፊቱን ፈታ አደረገ።

"አይዞሽ፣ የኔ ቆንጆ። የማን ልጅ ነሽ?"

"ማሚ እዚያ ውስጥ ናት" አለች፣ ቃላቱን እየፈለገች። "የቦርድ ሜምበር ናት።"

ዋለልኝ ንዴቱን ዋጥ አደረገ። ልጅ ምን አጠፋች?

"ስምሽስ ማነው?"

ልጅቷ ትምህርት ቤት እንደለመደችው ከነአባቷ ነገረችው።

"ሀሴት ሳህሉ።"