የተጸለየበት እንክብል

ውስጡ ምን እንዳለ የማታውቁትን እንክብል፣ ተጸልዮበታል ስለተባላችሁ ብቻ ትውጣላችሁ? አትሳቁ። እኔ ውጫለሁ። ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ፣ በየማለዳው ሁለት ሁለት። ዛሬ ደግሞ ስለ እርሱ እንድመሰክር ማይክ አስጨብጠውኛል።

እሑድ ነው። ጁባ ውስጥ ሎሎጎ ሰፈር ያለው የቆርቆሮ አዳራሻችን ገና ከረፋዱ አራት ሰዓት ግሏል። ሰማንያ የምንሆን ኢትዮጵያውያን፣ የባንክ፣ የአየር መንገድና የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች፣ በመዝሙር ወረቀት እያራገብን ተቀምጠናል።

"እህት ዶርቃ፣ ጌታ በሩጫው ያደረገልሽን ንገሪን" ይሉኛል ፓስተር ሠርፀ።

ከጎናቸው ንዋይ አለ። በሥራ ሰዓት የአንድ ግንባታ ድርጅት ዕቃ ገዢ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ የኅብረታችን ሯጮች አሰልጣኝ። እግሩ ሥር ነጫጭ ብልቃጦች የታጨቁበት ካርቶን አለ። ብልቃጡ ላይ "ለሯጭ አእምሮ" ይላል። ሌላ አንድ ቃል የለበትም።

"ቀድሞ የሚደክመው እግር አይደለም፣ አእምሮ ነው" ይለናል ንዋይ ሁልጊዜ። ውሸት አይደለም፤ አንብቤበታለሁ። የዛለ አእምሮ ኪሎ ሜትሩን ያረዝመዋል። ካፌይን ትኩረትን እንደሚያግዝም አውቃለሁ። እንግዲያው ካፌይን ከሆነ ካፌይን ነው በል! መጠኑን ጻፍ! ሦስት ጊዜ ጠየቅሁት። ሦስቴም ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ማፊ ሙሽኪላ፣ ዶርቃዬ። ጸልየንበታል" አለኝ። በዚህ አገር ዐረብኛ ችግር የለም ማለቱ ነው። እጄ ኪቦርድ ላይ ሲንቀጠቀጥ ችግር የለም። የልቤ ምት ከአልጋ ሲያስነሣኝም ችግር የለም።

ዓርብ ዕለት የካምፓላው ግማሽ ማራቶን አዘጋጆች ቅጽ ላኩልን። የምትወስዱትን ሁሉ ዘርዝራችሁ ፈርሙ፤ ቀድመው የሚገቡ ሽንት ይሰጣሉ፤ የተከለከለ ነገር ቢገኝ የሚታገደው ሯጩ ነው። ምን ብዬ ልፈርም? የተጸለየበት ብዬ? ንዋይ የተጓዦቹን ስም ሲያነብ የእኔን አንደኛ አደረገና "እሑድ ትመሰክሪያለሽ አይደል?" አለኝ። ለዚህ ሩጫ አራት ዓመት፣ ፀሐይ ሳትቀድመኝ፣ የጉምቦ ድልድይ ላይ በሩጫ ስመላለስ ኖሬያለሁ።

ማይኩን ወደ አፌ አስጠጋለሁ።

"ጌታ ይመስገን።"

"አሜን!"

"ባለፈው ወር የአሥር ኪሎ ሜትሩን ሩጫ አሸንፌያለሁ።"

"ሃሌሉያ!" እልልታው ቆርቆሮውን ያናውጠዋል።

"ያን ጊዜ ይህን እንክብል እየዋጥሁ ነበር።"

"ለእኔም ሁለት ብልቃጥ!" ትላለች ማናህሎሽ ከመሀል። ከወንበሯ ተነሥታ እስከ በሩ እንኳ ሮጣ የማታውቅ ሴት ናት። ሳቅ ይሆናል። ንዋይ ካርቶኑን በእግሩ ወደፊት ገፋ ያደርገዋል።

"ውስጡ ምን እንዳለ ግን አላውቅም።"

"አሜን!" ይላል አንዱ ከኋላ፣ በልማድ።

ጎኑ ያለው ሰው በክርኑ ጎሸም ያደርገዋል።

"እህቴ" ይላሉ ፓስተር፣ "ይህ የምስክርነት ሰዓት ነው፤ የክስ ሰዓት አይደለም።"

"ምስክር የሆነውን ነው የሚናገረው፣ ፓስተር። የሆነው ይኸው ነው። እጄ ይንቀጠቀጣል። ልቤ አያስተኛኝም። አሰልጣኜን ምን እያስዋጥኸኝ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ጸልየንበታል አለኝ። ለጸሎቱ አሜን ብያለሁ። የጠየቅሁት እንክብሉ ውስጥ ስላለው ዱቄት ነው!"

ንዋይ ከወንበሩ ወደ እኔ ያዘነብላል። ፈገግታው ለጉባኤው ነው፣ ሹክሹክታው ለእኔ። "ካምፓላ መሄድ አትፈልጊም ማለት ነው?"

"ወንድም ንዋይ ካምፓላ መሄድ አትፈልጊም ወይ እያለኝ ነው" እላለሁ፣ በማይኩ። "እፈልጋለሁ! ከማንኛችሁም በላይ እፈልጋለሁ። በእግሬ ይሁን በእሱ ብልቃጥ የማሸንፈው ሳላውቅ ግን ቅጹን አልፈርምም። ከፈለገ ስሜን ይሰርዘው።"

ከፊት ወንበር የኔነሽ ትነሣለች። ጁባ ታውን ጨርቅ ትሸጣለች፤ ቡድናችንን ከተቀላቀለች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው።

"ዶርቃ፣ እኔ ዛሬ ጠዋት ሦስት ውጫለሁ" ትላለች። ድምፅዋ ቀጭን ነው። "ሁለት ካልተሰማሽ ጨምሪ ብሎኝ ነው። ምን ይሆናል?"

ምን ልበላት? ፓስተር ሠርፀን አያለሁ። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ያገላብጣሉ፤ ከስብከት በፊት እሳቸውም አንድ እንደሚወስዱ እዚህ የማያውቅ የለም።

"ከአገልግሎት በኋላ ሻይ እየጠጣን እናወራዋለን" ይላል ንዋይ፣ እጁን እያርገበገበ። "የቤታችንን ገመና በማይክ አንዘረግፍም።"

ገመና! ሰው ሆድ ውስጥ የከተተውን ነገር ስም መጠየቅ ገመና ሆነ! ወደ ወንበሩ ሄጄ ፊቱ እቆማለሁ። ማይኩን እዘረጋለታለሁ፤ አይቀበለኝም። መልሼ ወደ አፌ አመጣዋለሁ።

"ሻይ ላይ አይደለም፣ ወንድም ንዋይ። በስልክም አይደለም፤ ጥግ ይዘህ በሹክሹክታም አይደለም። የዋጥነው ሰዎች እዚሁ ተቀምጠናል። የኔነሽ ቆማ ትጠብቅሃለች። ተነሥ። ካወቅህ ስሙንና መጠኑን ተናገር፤ ካላወቅህ አላውቅም በል። ለእኔ ብቻ አይደለም፤ ፊትህን ወደ ጉባኤው አዙርና መልስ።"